ፎረስትሪ ደረሰኝ፣ ልቀይረው ወይ?

የዲፓርትመንት ምርጫ ሰሞን ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛ እህት፣ የአክስቴ ልጅ የክፍል ጓደኛ፣ ብቻ አንዱ ለአንዱ ቁጥሬን እየሰጠ ሁሉም ያንኑ ይጠይቀኛል። «ፎረስትሪ (የደን ትምህርት) ደረሰኝ፤ ልቀይረው ወይ?» አንዳንዱ የደረሰው ዱር እንስሳትና ኢኮቱሪዝም ነው። አንዳንዱ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ። ስሙ ይለያያል እንጂ ጭንቀቱ አንድ ነው። እናም ዘንድሮ አንዴ ጽፌው ለጠየቀኝ ሁሉ እየላክሁ ልገላገል።

ለማያውቀኝ ሰው፦ ዘርፉን ተምሬ ጨርሻለሁ፣ አሁንም እንጀራዬ እሱው ነው። የተማርኩበትን ግቢ ስም አልጠራም። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ከወጡ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስናወራ ደስታውም ምሬቱም ስለሚመሳሰል፣ ስሙን ብታውቁት የሚጨምርላችሁ ነገር የለም።

ቁርጡን ልንገራችሁ። ፊልዱ፣ ማለትም ከግቢ ወጥቶ የሚሠራው የተግባር ትምህርት፣ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ምርጡ ነው። ክፍሉ ደግሞ፣ ቢያንስ እኔ የቀመስኩት፣ አሰልቺ ነው። ዲግሪው የሚያዋጣችሁ ፊልዱን ከምር ከያዛችሁት ብቻ ነው። ፊልድ እንደ ሽርሽር ቆጥራችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ፣ ተመልሳችሁ ሀንድአውት ከሸመደዳችሁ፣ እውነቴን ነው፣ ሌላ ነገር ተማሩ።

ከክፍሉ ልጀምርና ቶሎ ልገላገለው። የኛ ሀንድአውት ከባች ባች ሲወረስ የመጣ ነበር። ኮፒው ከኮፒ፣ ያም ከሌላ ኮፒ። ሥዕሉ ጠቁሮ ጠቁሮ ዝሆኑና ጎሹ የሚለዩት ከታች በተጻፈው ስም ነው። ምሳሌው በሙሉ የሰው አገር ነው። ተኩላ እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ አሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ተመልሶ ምን እንዳመጣ እስከዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ጥሩ ታሪክ ነው፣ አልጠላሁትም። የጨነቀኝ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለውን መንዝ ጓሳን አንድም መምህር ሳያነሳልን መመረቃችን ነው።

ጓሳን ለማታውቁት፦ ከፍ ያለ ውርጫም ደጋ ነው፣ ጓሳ የሚባለው ሣር የሚበቅልበት። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የቀደሙት አባቶች የአስቦና የገራ ዘር የሆኑት ባለርስቶች አለቃ ይመርጣሉ፤ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተነጋግረው ይከፍቱታል፤ ያለጊዜው ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ከዚያ በኋላም ሰዉ እንደገና ተደራጅቶ ኮሚቴ አቋቋመና ጥበቃውን ቀጠለ። ዛሬ እዚያ ጭላዳ አለ፣ ቀይ ቀበሮም አለ። «ማኅበረሰብ አቀፍ ጥበቃ» የሚል ኮርስ እያስተማሩ ይህን መዝለል ምን ይባላል? እኔ የሰማሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው፣ ያውም ሻይ እየጠጣን ከአንድ የመንዝ ልጅ።

አሁን ወደ ፊልዱ።

መጀመሪያ የሚያስተምሯችሁ ዛፍ መለካት ነው። ቀላል ይመስላል። ሜትር ታወጣላችሁ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ግንዱን ትዞሩታላችሁ፣ ዙሪያውን ለ3.14 ታካፍላላችሁ፣ ዲቢኤች (የግንዱ ውፍረት) ተገኘ። ከዚያ እውነተኛ ጫካ ትገባላችሁ። ዛፉ ተዳፋት ላይ ነው፤ 1.3 ሜትሩ ከየት ይጀመር? ከላይኛው በኩል። ከ1.3 በታች ለሁለት ተከፍሏል? ሁለት ዛፍ ተብሎ ይቆጠራል። ሥሩ እንደ ክንፍ ወጥቶ ግንዱን ከብቦታል? ከክንፉ በላይ ወጥታችሁ ለኩ፣ መሰላል ከሌለ ጓደኛ ትከሻ ላይ። ከፍታውን ደግሞ ክሊኖሜትር በሚባል የአንግል መለኪያ ነው። አንድ ዓይን መሣሪያው ውስጥ፣ አንድ ዓይን የዛፉ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ክፍት። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ሰው ራሱን ያዞረዋል። በሦስተኛው ቀን ግን ዛፍ ሳትለኩ በዓይን ብቻ «ይሄ 18 ሜትር ነው» ማለት ትጀምራላችሁ፣ ከተማ ስትመለሱም የስልክ ምሰሶ ሳትገምቱ አታልፉም።

ዛፍ መለየት ሌላ ዓለም ነው። ከመምህራኑ ይልቅ ቴክኒሻኖቹን ተጠግታችሁ ሂዱ። የኛ ቴክኒሻን ዲግሪ አልነበረውም፤ ቅጠል ሳያይ ከቅርፊቱ ብቻ ስሙን ይነግራችኋል። ጥቁር እንጨትን ቅጠሉን በእጃችሁ ፈትጋችሁ ስታሸቱት መራራ አልሞንድ አልሞንድ ይላል። ኮሶ ቅርፊቱ ቀላ ብሎ ይላላጣል። ብሳና አረንጓዴ ቅጠሉ መሐል ያረጁት ብርቱካን ቀለም ይዘው ከሩቅ ያሳብቁበታል። ዋንዛ ነጭ አበባው ላይ ንብ አይጠፋም። በላቲን ስሙ ደግሞ ኮርዲያ አፍሪካና፣ ክሮቶን ማክሮስታኪየስ፣ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ እያላችሁ ትሸመድዱታላችሁ፣ ለፈተና። የሚበጀው ግን ሦስቱንም ማወቅ ነው፤ የላቲኑን፣ የአማርኛውን፣ እና የምትሠሩበትን አካባቢ ቋንቋ። ሲዳማ ገብቶ በአማርኛ ስሙ ብቻ «ብርብራ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ገምቱት።

ችግኝ ጣቢያ የሚሰጠውን ኮርስ ብዙ ተማሪ ይንቀዋል። ጭቃ ነዋ። እኔ ግን ከተማርኩት ሁሉ በየቀኑ የምጠቀመው እሱን ነው። የግራር ዘር ጠንካራ ስለሆነ ፈላ ውሃ ይፈስበትና እዚያው እየቀዘቀዘ ያድራል። የዝግባ ዘር ያለበትን ጠንካራ ሽፋን ካልሰበራችሁለት ወራት ያስጠብቃችኋል። የጥቁር እንጨት ዘር ደግሞ ብዙ አይቀመጥም፤ ቶሎ ካልተዘራ ይሞታል። ችግኙን ወደ ተከላ ከመላካችሁ በፊት ውሃውንም ጥላውንም እየቀነሳችሁ ታለማምዱታላችሁ። ያለዚያ ከጥላ ወጥቶ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው አለቀለት። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ሁሉም ሰው ችግኝ ተክሏል። ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ የሚለውን በሥርዓት ናሙና ወስዶ የሚቆጥር ሰው ግን ያው ከዚህ ዲፓርትመንት የወጣ ነው፣ ወይም መሆን ነበረበት።

የጉዞዎቹ ንጉሥ ባሌ ነው፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ባሌ የማይወስድ ዲፓርትመንት ከሆነ የደረሳችሁ፣ አዋጥታችሁም ቢሆን ሂዱ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ነው፤ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኑ ሰው ለምዶ ሰፈሩን እንደ ራሱ ግቢ ይመላለስበታል። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፣ ሳይንስም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፣ ያን የሚያህል እንስሳ። ከዚያ ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ ትወጣላችሁ። ከ4000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ያጥራል፣ ራስ ያማል፣ ጠዋት ውሃ በጀሪካን ውስጥ በረዶ ሠርቶ ይገኛል።

እዚያ ነው ሥነ ምህዳር የሚባለው ነገር የገባኝ። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱት 500 አይሞሉም፣ አብዛኞቹ ባሌ ናቸው። በቡድን ይኖራሉ፣ ግዛታቸውን በቡድን ይጠብቃሉ፣ አደን ሲወጡ ግን ብቻ ብቻቸውን ነው፤ ምግባቸው አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ለአይጥ መተባበር አያስፈልግም። ከፍልፈሎቹ ትልቁ ባሌ ላይ ብቻ የሚገኝ ነው። ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ሣር ነጭቶ ይመለሳል። ከጉድጓዱ አፍ የማትጠፋ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ እሱ በቆፈረው አፈር ላይ ነፍሳት ትለቅማለች። ከብት ሲበዛ ሣሩ ያልቃል፣ ሣሩ ሲያልቅ አይጡ ይቀንሳል፣ አይጡ ሲቀንስ ቀበሮው ይራባል። ከእረኛው ጋር የሚመጣው ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል። ቀበሮውን ደጋግሞ የፈጀው ጥይት አይደለም፣ ይኸው የውሻ በሽታ ነው። ለዚህ ነው እዚያ ጥበቃ ማለት በትልቁ የመንደር ውሻ መከተብ ማለት የሆነው። «ዱር እንስሳት ተምረህ ውሻ ትወጋለህ?» ብሎ የሳቀብኝ ዘመድ አለ። አዎ እወጋለሁ።

አይጥ ቆጠራውንም እዚያው ነው የሠራነው። በቆርቆሮ ወጥመድ ውስጥ የለውዝ ቅቤ ይደረጋል፣ ጠዋት የያዘውን አውጥታችሁ ትመዝናላችሁ፣ ጠጉሩን ትንሽ ቆረጥ አድርጋችሁ ምልክት ትሰጡና ትለቁታላችሁ። እንበል 50 ምልክት አደረጋችሁ። ሌላ ጊዜ 40 ያዛችሁ፣ ከእነሱ ውስጥ 10ሩ ምልክት አለባቸው። ከተያዙት ሩቡ ምልክት ካለው፣ ምልክት ያደረጋችኋቸው 50ዎቹም ከጠቅላላው ሩብ ናቸው ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደ 200 ይጠጋሉ። ክፍል ውስጥ ይህ ቀመር ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሲብራራ ማንም አልገባውም ነበር። ሳነቴ ላይ ጣቱን አይጥ የነከሰው ልጅ ሳይቀር ገባው።

ወንዶ ገነትንም ካላነሳሁ ቅር ይለኛል። እዚያ አልተማርኩም፣ ለፕራክቲካል ነው የሄድነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመ የደን ትምህርት ቤት ነው፣ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር። ከግቢው በላይ የተፈጥሮ ደን አለ። ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ከመማሪያ ክፍል አጠገብ ታዩታላችሁ። ምርጫ ካላችሁና ደን ከምር ከወደዳችሁ የመጀመሪያ ምርጫ ውስጥ አስገቡት።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ይህ ትምህርት ስለ ዛፍና ስለ እንስሳ ይመስላል፤ ሥራው ግን ከሰው ጋር ነው። ደብር ላይ ያለ ደን ልታጠኑ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታነጋግሩት ቄሰ ገበዙን ነው። ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ዙሪያው ሁሉ ተራቁቶ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ደን ለብሶ ታዩታላችሁ። እዚያ አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር በብዛት የሣርና የአረም ነው፣ የትልልቆቹ ዛፎች አይደለም። ስለዚህ ትልልቆቹ ከተቆረጡ ከአፈር ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው። የሚተካቸው ከሥራቸው የበቀለው ቡቃያ ነው፣ እሱን ደግሞ ከብት ገብቶ ይበላዋል። መፍትሔው ካብ መካብ ነው። ካቡን የሚክበው ምዕመኑ ነው፣ ምዕመኑን የሚጠራው ቄሱ ነው። የናንተ ቴሲስ ከዚህ ወዲያ ነው የሚመጣው።

ባህር ዛፍም እንዲሁ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አለ፣ ክፍል ውስጥ ግን እንደ ወንጀለኛ ነው የሚቀርበው። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ እህል አያበቅልም፣ አፈር ያደርቃል። አብዛኛው እውነት ነው፣ በተለይ ምንጭና እርሻ ዳር ከተተከለ። መረጃ ለመሰብሰብ ገጠር ገብተን አንዲት እናት ማሳቸውን ሙሉ ባህር ዛፍ ተክለው አገኘናቸው። «እማማ፣ መሬቱን አያደርቅብዎትም?» አልኳቸው። «ያደርቃል እንጂ ልጄ። ግን ልጄን ዩኒቨርሲቲ ያስገባልኝ ዋንዛ አይደለም» አሉኝ። መጠይቁ ላይ ይህን የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። አማራጩ ላይ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነበር ያለው። ማኅበራዊ ጥናትና የቃለ መጠይቅ አሠራር በኛ ጊዜ አንድ ቀጭን ኮርስ ነበር፤ መሆን የነበረበት የትምህርቱ ግማሽ ነው። ሕጉ ራሱ ወደዚያ ሄዷል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነቱን ከፍሏል። የማኅበረሰብ ደን ካለ ማኅበረሰቡን ማናገር የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሴቶች ለብቻ ይጠይቁኛልና ለእናንተ የምላችሁ አለ። ፊልዱ አይከብዳችሁም፣ አትስሙ የሚሏችሁን። በኛ ባች ገደል የወጡትም ወፍ በድምፅ የለዩትም ቀድመው ሴቶቹ ነበሩ። የሚከብደው ዝግጅቱ ነው። የሚያድሩበት ቦታ በር አይዘጋም፣ ሽንት ቤት የለም፣ አስተባባሪው ስለዚህ ነገር አስቦም አያውቅ። ከጉዞው በፊት ተሰብስባችሁ «የት ነው የምናድረው? ስንት ድንኳን አለ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። እኛ ዘንድ ልጆቹ አንዴ ከጠየቁ በኋላ ተስተካክሎ ነበር፤ እስኪጠየቁ መጠበቃቸው ነው የሚገርመው።

ሥራ። ይቺን ነው የምትጠብቁት አይደል? አልዋሻችሁም፣ ጠባብ ነው። የመንግሥት ቦታዎች አሉ፤ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ፓርኮች፣ የክልል የደንና አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፣ ፓርክ ከሆነ ደግሞ ከቤተሰብ ርቆ መኖር አለ። ድርጅቶችም ይቀጥራሉ፣ ባሌ ላይ ለምሳሌ የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። ግን እንዲህ ያለ ቦታ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚፈልጉት ዲግሪ ብቻ አይደለም። ካርታ መሥራት ትችላለህ? ዳታ መተንተን ትችያለሽ? ሞተር ሳይክል ትነዳለህ? የአካባቢውን ቋንቋ ታውቂያለሽ? ከባችዬ ሥራ ቶሎ ያገኙት በሲጂፒኤ ከላይ የነበሩት አይደሉም፤ ማታ ማታ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ የካርታ መሥሪያውን ኪውጂአይኤስና የዳታ መተንተኛውን አር ሲነካኩ የነበሩት ናቸው። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራሉ። እስከ ሦስተኛ ዓመት አትጠብቁ፣ ከአሁኑ ጀምሩ። ሌሎቹ ደግሞ አስጎብኚ ሆነዋል፣ ወፍ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ይዘው። ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥም አለ፣ እሱ ከሁላችንም በላይ ያገኛል።

መውጫ ፈተናውን አትናቁት። ከ2015 ጀምሮ ሁሉም ተመራቂ የሚወስደው ነው፣ ከ50 በታች ካመጣችሁ ዲግሪው አይሰጥም። ፊልድ ላይ ጎበዝ ነኝ ብሎ ንድፈ ሐሳቡን የጣለ ልጅ እዚያ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። ያ የጠቆረው ሀንድአውት በመጨረሻ ይፈለጋል፣ አትጣሉት።

እንግዲህ ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ለፊልዱ ከ5 አምስት፣ ለክፍሉ ሁለት፣ ለመኪናው አንድ። የመኪናው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ጉዞ ተይዞ ነዳጅ የለም ይባላል፣ ነዳጅ ሲገኝ ሾፌሩ የለም፣ ሾፌሩ ሲመጣ ሴሚስተሩ አልቋል። አንዱን ትልቅ ጉዞ በዚህ ምክንያት በስላይድ ነው ያየነው። ጉሬዛን በስላይድ! ስለዚህ የዲፓርትመንት ተወካይ ስትመርጡ ጎበዝ ተማሪ ሳይሆን ቢሮ ለቢሮ እየዞረ የማይሰለች ልጅ ምረጡ።

«ልቀይረው ወይ?» ለሚለው፦ ዝናብ ላይ መራመድ የሚያስጠላችሁ ከሆነ፣ ከማታውቁት ገበሬ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት የሚያሳፍራችሁ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ቢሮ ካልሆነ አልሠራም የምትሉ ከሆነ፣ ቀይሩት፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ። ያለዚያ ግቡ።

ከገባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ጫማ ግዙ። ስኒከር አይሆንም። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቦት ጫማ፣ ከልባሽ ተራ ብታገኙም ይሁን፣ ብቻ ከጉዞው በፊት አድርጋችሁት ልመዱት። ለባሌ ወፍራም ካልሲና የራስ ባትሪ ያዙ። ማስታወሻ ደብተር በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል፣ የአንድ ሳምንት ዳታ ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ይቀራል። የለውዝ ቅቤውን ደግሞ ደብቁት፣ አይጥ ሳይደርስበት ዶርም ውስጥ ያልቃል።